ለወጥ ቤትም ለኮክቴልም የምትሆን ትንሽ መለኪያ፦ የትኛዋን ልግዛ?

ወለላ ዘደሴ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሲሆን ቤቴ ውስጥ ኬክና ዳቦ በትእዛዝ እየጋገርኩ እሸጣለሁ። በመጪው ጥር የታናሽ እህቴ ሠርግ ስላለ፣ ለእንግዳ የሚቀርቡትን ቅልቅል መጠጦች የማዘጋጀቱ ሥራ ለእኔ ተሰጥቶኛል። እንደ ብዙው የወሎ ቤተሰብ የእኛም ቤት ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በዝምድና የተሳሰረበት በመሆኑ፣ ከመጠጦቹ ገሚሶቹ ጂንና ሮም የሚገባባቸው ኮክቴሎች፣ ገሚሶቹ ደግሞ ከሎሚ፣ ከማርና ከዝንጅብል ብቻ የሚሠሩ አልኮል የለሽ መጠጦች ይሆናሉ።

ችግሬ መለኪያ ነው። እስካሁን ቫኒላውንም፣ ዘይቱንም፣ የሎሚ ጭማቂውንም የምሰፍረው በሻይ ማንኪያ፣ በቡና ስኒና ከአባቴ በቀረችን አንዲት የአረቄ መለኪያ ነው። ስሟ መለኪያ ይሁን እንጂ ስንት እንደምትለካ የሚያውቅ ሰው በቤታችን የለም። ባለፈው ሳምንት ያንኑ የሎሚና የማር መጠጥ ለሙከራ ሁለት ጊዜ ሠራሁት። የመጀመሪያውን ሁሉም ወደደው፤ ሁለተኛውን የቀመሰው የአክስቴ ልጅ ግን ፊቱን አጨማዶ ብርጭቆውን መለሰልኝ። ያን ጊዜ ነው ጥፋቱ የእጄ ሳይሆን የመስፈሪያዬ መሆኑን የተረዳሁት።

ፒያሳ ባሉ የዕቃ ሱቆች ተዘዋውሬ ሦስት ዓይነት አይቻለሁ። አንደኛው ወገቡ ቀጭን፣ ላይና ታቹ አፍ የሆነ፣ ባርማኖች ጂገር የሚሉት የስቴንለስ መለኪያ ነው። ሁለተኛው ቀይ መስመሮች የታተሙበት ትንሽ ወፍራም ብርጭቆ ሲሆን፣ ሦስተኛው በውስጡ እንደ ተዳፋት ያለ ነገር ኖሮት ቁጥሩ ከላይ ሆኖ የሚነበብበት ፕላስቲክ ኩባያ ነው። ሦስቱም 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛሉ ተብያለሁ። አንዷን ገዝቼ ለሁለቱም ሥራ ላውላት እችላለሁ? ከሆነስ የትኛዋን? በተጨማሪም የምከተላቸው የአሠራር መመሪያዎች አንዳንዶቹ በአውንስ፣ አንዳንዶቹ በሾርባ ማንኪያ፣ ሌሎቹ በሚሊ ሊትር ስለተጻፉ፣ ይህን የሚያስታርቅልኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል።

ባርማን ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ በቅድሚያ እንኳን ለእህትሽ ሠርግ አደረሳችሁ። በሆቴል ባር ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ስለዚህ የማደላው ለጂገር መሆኑን ከወዲሁ ልናዘዝ።

ሁለት አፍ ያለው ጂገር አዲስ ፈጠራ አይደለም። በ1893 እ.ኤ.አ. ኮርኔሊየስ ደንጋን የተባለ የቺካጎ ሰው የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዕቃ ሲሆን፣ እስካሁን ቅርጹ እምብዛም ያልተለወጠው ለሥራው የተመቸ ስለሆነ ነው። በሁለት ጣት መካከል ይያዛል፤ ትልቁን አፍ ሞልተሽ ከገለበጥሽ በኋላ ትንሹ አፍ በራሱ ወደ ላይ ይመጣል፤ ወድቆም አይሰበርም። ሠርግ ላይ አርባና ሃምሳ ብርጭቆ በተከታታይ ስትቀጂ የዚህን ጥቅም ታውቂዋለሽ።

ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለው። ጂገሮች ሁሉ በመልክ ተመሳሳይ ሆነው በይዘት ይለያያሉ። የአሜሪካኖቹ ትልቁ አፍ በልማድ አንድ ተኩል አውንስ፣ ማለትም 44 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን ትንሹ አንድ አውንስ ነው። ሌሎቹ 30 እና 60፣ ወይም 25 እና 50፣ ወይም 20 እና 40 ሚሊ ሊትር ናቸው። 25 ሚሊ ሊትሩ የመጣው ከእንግሊዝ ሲሆን፣ በዚያ አገር ጂን፣ ሮም፣ ዊስኪና ቮድካ በመጠጥ ቤት የሚቀዱት በ25 ወይም በ35 ሚሊ ሊትር እንዲሆን ሕጉ ያዛል። ቀድሞ እሠራበት የነበረ አንድ ሆቴል 30 እና 60 ነው ብሎ የገዛው ጂገር 25 እና 50 ሆኖ፣ እኛም ይህን ሳናውቅ ለወራት ስንቀዳ ኖረናል። መጠጡ ለምን እንደሚያንስ ደንበኛው ሲጠይቅ የምንመልሰው አጥተን በረዶውን እናመካኝ ነበር።

ስለዚህ ከውስጡ መስመር የተቀረጸበትን እንጂ ባዶውን እንዳትገዢ። በውስጡ 15፣ 20፣ 30፣ 45 እና 60 የሚሉ መስመሮች ያሉት ጂገር ካገኘሽ ለአብዛኛው የታወቀ ኮክቴል ይበቃሻል። ለምሳሌ ዓለም አቀፉ የባርማኖች ማኅበር በሚያወጣው ዝርዝር መሠረት ኔግሮኒ የሚባለው ኮክቴል ከሦስት መጠጦች እያንዳንዳቸው 30 ሚሊ ሊትር ነው። ማርጋሪታ ደግሞ 50 ሚሊ ሊትር ተኪላ፣ 20 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ሊከር፣ 15 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ነው። እንግዲህ ልብ በይ፤ ተኪላው በ5 ሚሊ ሊትር ቢሳሳት አንድ አሥረኛ ነው፣ ሎሚው በዚያው ልክ ቢሳሳት ግን አንድ ሦስተኛ ነው። የአክስትሽን ልጅ ፊት ያጨማደደውም ይኸው ይመስለኛል። በጥንቃቄ የሚለካው ብዙው ሳይሆን ትንሹ ነው።

ፋርማሲስት ዘወልድያ

ወንድሜ ባርማኑ በመጨረሻ የተናገረው ነገር ዋናው ጉዳይ ስለሆነ፣ እኔ ምክንያቱን ልጨምርበት። ሥራዬ መድኃኒት ማደል በመሆኑ ትንሽ ፈሳሽ መለካት የየዕለት ተግባሬ ነው።

የመለኪያን ትክክለኛነት ከሁሉ በላይ የሚወስነው የአፉ ስፋት ነው። የውስጥ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር በሆነ ኩባያ ፈሳሹ በ1 ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ልዩነቱ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግን ያው 1 ሚሊ ሜትር ልዩነት የሚያመጣው 0.7 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የሰው ዓይን በችኮላ ሲያነብ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር መሳሳቱ የማይቀር ስለሆነ፣ ሰፊና አጭር ከሆነው ይልቅ ጠባብና ረጅም የሆነው ይመረጣል። ሱቅ ውስጥ ሁለት ጂገሮች ቢቀርቡልሽ ቀጠን ብሎ የቆመውን አንሺ።

ቅርጹ ሾጣጣ ከሆነ ደግሞ በግምት አጋማሹ ድረስ መሙላት ትልቅ ስሕተት ነው። ታቹ ፈጽሞ በሾለ ዕቃ ውስጥ እስከ ግማሽ ቁመቱ የሚገባው ፈሳሽ የሙሉው አንድ ስምንተኛ እንጂ ግማሽ አይደለም። ጂገሮች እስከዚህ የሾሉ ባይሆኑም፣ መስመር የሌለውን ጂገር በዓይን ከፍሎ «ይህ ግማሹ ነው» የሚል ሰው ሁልጊዜ አጉድሎ ይቀዳል።

በብርጭቆ የምትለኪ ከሆነ ኩባያውን በእጅሽ አንሥተሽ አታንብቢው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ፣ ጎንበስ ብለሽ፣ ዓይንሽን ከመስመሩ ጋር አስተካክለሽ አንብቢ። ውሃ በብርጭቆ ውስጥ ጠርዙ ከፍ፣ መካከሉ ጎድጎድ ስለሚል የሚነበበው የመካከሉ ዝቅተኛ ቦታ ነው። ተዳፋት ያለው ፕላስቲክ የተሠራው ይህን ጎንበስ ቀና ለማስቀረት ነው፤ ኦክሶ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያስለመደው ቅርጽ ሲሆን፣ እጅ በሊጥ ተይዞ ሳለ ቆሞ ለማንበብ በእውነት ይመቻል።

ስለ አውንሱ ብዙ አትጨነቂ። የአሜሪካው የፈሳሽ አውንስ 29.6፣ የእንግሊዙ 28.4 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ሁለቱንም 30 ብትይ የመጠጥ ጣዕም አይለውጥም። የሾርባ ማንኪያው ግን ያሳስታል። በአብዛኛው አገር 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን በአውስትራሊያ 20 ነው። መመሪያው የአውስትራሊያ ከሆነ 4 የሾርባ ማንኪያ 80 እንጂ 60 ሚሊ ሊትር ስላልሆነ፣ ኬክሽ ለምን እንደደረቀ ፈልገሽ አታገኚውም። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው ሲባልም መለኪያ ማንኪያውን እንጂ ሻይ የምናማስልበትን ማንኪያ አይደለም፤ የቤት ማንኪያዎች እንደ ሠሪያቸው ይለያያሉ።

የትኛዋንም ብትገዢ ሳትፈትኚ አትመኛት። ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዢ፤ ዋጋው ትንሽ ነው። በሱ 3 ጊዜ ውሃ ቅጂና 30 የሚለው መስመር ላይ መድረሱን ተመልከቺ፤ ከዚያ 3 ጊዜ ጨምረሽ 60ውን ፈትሺ። የዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን ካለሽ ደግሞ ባዶዋን ኩባያ ጭነሽ ሚዛኑን ዜሮ አድርጊና ውሃ ሙዪባት፤ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ 60 ግራም ይመዝናል። ይህ ግን ለውሃ ብቻ ነው። 60 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት 55 ግራም ገደማ፣ ያው 60 ሚሊ ሊትር ማር ደግሞ 85 ግራም ገደማ ስለሚሆን፣ በግራም የተጻፈውን በሚሊ ሊትር መስፈር አይገባም።

አንድ ነገር ላክልና ልሰናበት፦ ከሽሮፕ መድኃኒት ጋር የሚሰጠውን ትንሽ ፕላስቲክ መስፈሪያ ለኮክቴል አታውሉት። በትክክል ይለካል፤ ነገር ግን የልጅ መድኃኒት በሚሰፈርበት ዕቃ ሌላ ነገር መስፈር መልመድ የለብንም።

እመት ከሐይቅ

አብሽሪ ልጄ፣ ሠርጉ ያማረ ይሆናል፣ አላህ ያሳምረው። ወንድሞችሽ ስለ ሚሊ ሊትሩ በደንብ ስለመከሩሽ እኔ እነሱ ያለፉትን ልናገር።

አንዷ ለሁለቱም ትሆናለች ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አትሆንም እላለሁ። ጂንና ሮም በተሰፈረበት ዕቃ ታጥቦም ቢሆን የእኛን ሎሚና ማር እንዲሰፈርበት የማይፈልግ ሙስሊም ዘመድ አለሽ። ፊትሽ ላይ አይናገርም፤ ብርጭቆውን ተቀብሎ አመስግኖ አጠገቡ ያስቀምጠዋል እንጂ አይጠጣውም። በእኛ ቤት ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለድግስ ሲጠሩን ለሙስሊሙ ለብቻው ይታረዳል፣ ለብቻው ይሠራል፤ እኛም ስንጠራቸው እንዲሁ እናደርጋለን። ይህ ለመለኪያም ያው ነው። ሁለት ግዢ፤ ግን ሁለቱ እንዳይምታቱ በመልክ የተለያዩ ይሁኑ። ብረቱ ለአልኮሉ፣ ብርጭቆው ለሎሚና ለማሩ ከሆነ፣ የሚቀዳው ልጅ በጥድፊያ መካከል እንኳ አይሳሳትም። የአልኮሉ መለኪያ ከነመቅጃው በሌላ ጠረጴዛ ይቀመጥ።

ስለ ማሩ ደግሞ፦ ማርን በትንሽ ኩባያ ስትሰፍሪ ግማሹ ከዕቃው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ለኬክ ከሆነ ኩባያውን አስቀድመሽ በጥቂት ዘይት አብሺው፣ ማሩ ተንሸራትቶ ይወጣል። ለመጠጥ ግን ዘይት አይሆንም፤ እንደ ብርዝ አድርገሽ ማሩን አስቀድመሽ በእኩል ለብ ያለ ውሃ በጥብጪና አጥልለሽ በጠርሙስ አስቀምጪው። ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም ፈሳሽ ይሰፈርልሻል። የላስታ ነጭ ማር ስለሚረጋ ሳይበጠበጥ በመለኪያ አይገባም።

ፕላስቲኩን ግን ከእርድና ከነጭ ሽንኩርት አርቂው። ምጣዱ አጠገብ የዋለ ፕላስቲክ ቢጫ ይሆናል፣ ሽታውም በስንት እጥበት አይለቅም። ሎሚ ስሰፍርበት የቁሌት ሽታ የሸተተኝ አንድ ነበረኝና ለጨው ማስቀመጫ አደረግሁት።

ባርማን ከኮምቦልቻ

እትዬ፣ ስለ ሁለቱ መለኪያ የተናገሩት ትክክል ነው። እኔ የአልኮሉን ብቻ አስቤ ስለመለስኩ ይቅርታ። በምንሠራበት ባር ለጭማቂ የተለየ መለኪያ አለን፤ ያደረግነው ግን ለሽታው ብለን ነበር እንጂ እርስዎ ባሉት ምክንያት አልነበረም። ከእንግዲህ በዚህኛውም ምክንያት ይሆናል።

በተዳፋቱ ፕላስቲክ ላይ ግን ከፋርማሲስቱ ጋር ትንሽ እለያያለሁ። ለማንበብ መመቸቱን አልክድም፤ ነገር ግን አፉ ሰፊ ስለሆነ ጠባብ አፍ ባለው ጠርሙስ ውስጥ ሲገለበጥ በጎን ይፈሳል፣ ከተዳፋቱ ሥር ባለችው ጠባብ ጥግም የሎሚ ቅራሪ ይቀመጣል። ደግሞም ርካሹ ጠንካራና የሚሰነጠቀው ፕላስቲክ የሎሚ ልጣጭ ዘይት ሲነካው ይደበዝዛል። ፕላስቲክ የምትገዢ ከሆነ ጫን ስትዪው ትንሽ እጥፍ የሚለውን ምረጪ።

ብረት ስትመርጪ በመዳብ ቀለም ያሸበረቀው እንዳያታልልሽ። ብዙዎቹ በስቴንለስ ላይ በስሱ የተቀቡ ናቸው፤ የውስጡም መዳብ ከሆነ ሎሚ ይበላዋል። አልሙኒየምም ከሎሚ ጋር አይስማማም። ውስጡ ንጹሕ ስቴንለስ የሆነ ይበቃሻል። ስትቀጂም እስከ አፍ ጢሙ የሚሞላውን ሳይሆን ከጠርዙ ዝቅ ብሎ መስመር ያለውን ፈልጊ፤ እስከ ጠርዙ ድረስ ለመሙላት የተሠራው ገና ወደ ብርጭቆው ሳይደርስ እጅሽ ላይ ይፈሳል።

ወለላ ዘደሴ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ሁለት ገዝቻለሁ፦ ለአልኮሉ ቀጠን ያለ፣ ውስጡ መስመር ያለው የስቴንለስ ጂገር፣ ለሎሚውና ለወጥ ቤቱ ደግሞ ባለ ቀይ መስመሯን ብርጭቆ። የተዳፋቱን ፕላስቲክ ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ ቆሞ ማንበቡ ለጋጋሪ እንደሚመች ባምንም፣ ከሠርጉ በኋላ ለሊጥ ሥራ ብቻ እገዛው ይሆናል።

በሲሪንጁ ፈተንኳቸው። ጂገሩ በ30ም በ60ም መስመሩ ላይ ልክ ተቀመጠ። ብርጭቆዋ ግን 60ው ላይ ትክክል ሆና 15 የሚለው መስመር ላይ በ2 ሚሊ ሊትር ታበዛለች፤ ፋርማሲስቱ እንዳሉት ታቿ ሰፊ ስለሆነ ይመስለኛል። ስለዚህ ትንሹን ሎሚ በሲሪንጁ፣ ከ30 በላይ ያለውን በብርጭቆዋ እሰፍራለሁ። ቀይ መስመሮቿ እንዳይፋቁም በሽቦ ሳይሆን በለስላሳ ስፖንጅ ብቻ እንድትታጠብ ለቤቱ ሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ።

ሲሪንጁ በእጄ ሳለ የአባቴንም የአረቄ መለኪያ ለካኋት፤ 48 ሚሊ ሊትር ሆነች። ይህን ለእናቴ ብነግራት ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «አንዲት መለኪያ ብቻ ሲለኝ የኖረው በዚህች ነው?» አለች።

እትዬ፣ ማሩን እንዳሉኝ በእኩል ውሃ በጥብጬ ሞከርኩት። 60 ሚሊ ሊትር የተበጠበጠ ማር፣ 25 ሚሊ ሊትር ሎሚ፣ ጥቂት የዝንጅብል ጭማቂና 120 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አድርጌ ሦስት ጊዜ ሠራሁት፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ሆኑ። የአክስቴ ልጅ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ሦስተኛውን ጠይቋል። አሁን የቀረኝ ይህን ለ200 ሰው በባልዲ ሲሠራ ሎሚው ስንት ሰዓት ሳይመር እንደሚቆይ ማወቅ ነው፤ ልምዱ ያላችሁ ብትነግሩኝ ከሠርጉ በፊት እሞክረዋለሁ።

ባርማን ከኮምቦልቻ

የሎሚውን ጭማቂ በዚያው ቀን ጭመቂው፤ ካደረ ጣዕሙ ይለወጣል። ማሩን ከነውሃው ከዋዜማው በጥብጠሽ አዘጋጂ፤ ሎሚውን ግን እንግዳው መግባት ሲጀምር በየማሰሮው ጨምሪ፤ ባልዲው ውስጥ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዳታዋህጂ። ለ200 ብርጭቆ የሎሚው ጭማቂ 5 ሊትር ይሆናል፤ ይህን የሚጨምቅ ሰው ከወዲሁ ፈልጊ።